የአባ ነጂብ እግር በእኔ ፔዳል ላይ

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ነው። መቱ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። የደንብ ልብስ ጨርቅ የያዙ እናቶች በመጡ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አንገቴንም ያስደፋኛል።

መጀመሪያ እንዴት እንደተሰበርኩ ልናገር፤ እኔ ባልናገር ሚስቴ ትናገራለችና። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ያዮ፣ አማቶቼ ዘንድ ሄድን። የሚስቴ ወንድሞች ዛፍ ላይ ቀፎ ሊሰቅሉ ጫካ ሲገቡ ተከተልኳቸው። «የከተማ ሰው ዛፍ መውጣት የት ያውቃል?» ሲሉ ወኔዬ ተነሳ። ባዶ ቀፎ ነው፣ ምን አለበት? ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ እንዳልኩ ጆሮዬ ሥር ጥዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘለልኩ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ቀጭ አለ።

ሊጠይቀኝ ለመጣ ሁሉ «የንብ መንጋ ወረረኝ» እል ነበር። ዛፉም በየቀኑ ይረዝማል። ሚስቴ ግን ለእንግዶቹ ሙዝ እያቀረበች «አንዲት ናት፤ እሷም ዝንብ ሳትሆን አትቀርም» ትላለች።

ጄሶው ሲወጣ ሐኪሙ በደንብ አስረዳኝ። መጀመሪያ በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ፔዳል እረግጣለሁ፤ ሳምንት ሲሞላ ግማሽ ሰዓት፤ እንዲያ እያልኩ እጨምራለሁ። «ካልታገስክ ዕድሜ ልክህን ታነክሳለህ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያቅታል?

በረንዳው ላይ ከጎኔ የሚሰፉት ሰው አባ ነጂብ ይባላሉ። ከአባቴ በጥቂት ቢያንሱ ነው። ዐሥር ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ያልተሻማንበት ደንበኛ የለም። ዓይናቸው ስለደከመ ክር መርፌ ውስጥ ለመክተት ይቸገራሉ፤ እኔ ደግሞ ደንበኛ እየሰማ «አባ ነጂብ ክር እስኪከቱ ልጁ አድጎ ልብሱ ይጠበዋል» እያልኩ ሰው ሳስቅባቸው ኖሬያለሁ።

ሰኞ ሥራ የተመለስኩ ዕለት፣ የስፌት መኪናዬን አቧራ ጠርጌ ሳልጨርስ፣ እትዬ ዘነበች የሚባሉ የድሮ ደንበኛዬ የሦስት ልጆች ጨርቅ ይዘው መጡ። እግሬን አዩና ወደ አባ ነጂብ ዞር ማለት ሲጀምሩ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ወዲህ ይምጡ! ቅዳሜ ይወስዳሉ» አልኩ።

እሳቸውን ያዩ ሌሎችም ተከተሉ። ሲመሽ የዐሥራ አንድ ልጆች ጨርቅ ተረክቤያለሁ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አሉኝ አባ ነጂብ።

«ሐኪም ልብስ ይሰፋል እንዴ?» አልኳቸው።

ማክሰኞ በጠዋት ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ምንም የለም። ሰዓት አለፈ። «ሐኪሞች ሲያካብዱ!» አልኩ በሆዴ። ስድስት ሰዓት ላይ እግሬ ከማበጡ የተነሳ ጫማዬ አልወልቅ አለኝ። በግራዬ ብቻ ልሞክር ብል፣ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ እየዞረ ክሩን አወሳሰበው፤ መርፌውም ተሰበረ። ሰው እንዳያውቅብኝ ሜትሬን አንስቼ የተለካውን ጨርቅ እንደገና መለካት ጀመርኩ። አንዱን ጨርቅ ሦስት ጊዜ ለካሁት።

ቀልዱን ትተን፣ ፈርቼ ነበር። ዐሥራ አንድ ልጅ ሰኞ ከትምህርት ቤት በር ሊመለስ ነው። እናቶቻቸው ዳግመኛ ወደ እኔ አይመጡም። እግሬ ካልዳነ ደግሞ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ዛፍ መውጣት እንደሁ አይሆንልኝም።

አባ ነጂብ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩኝ ቆዩ። አሁን የዐሥር ዓመቱን ስድብ ሊመልሱልኝ ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን በርጩማቸውን እየጎተቱ መጡ።

«እግርህን አንሳ» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጉ?»

«አንተ እጅ አለህ፣ እኔ እግር አለኝ። ታኢ! ተቀመጥ ብዬሃለሁ!»

ያንን ረጅም እግራቸውን ከጎን በመኪናዬ ሥር ሰደዱና ፔዳሉን መርገጥ ጀመሩ።

በረንዳው ሥር ሰው ተሰበሰበ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብሎ በስልኩ ቀረጸን። መጀመሪያ ላይ አልተግባባንም። ሰላምታ ሲመልሱ እግራቸው ይፈጥናል፤ ወሬ ሲጀምሩ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። የአንዱ ልጅ የሸሚዝ ኪስ ጠማማ የሆነው እሳቸው ስለሳቁ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

የራሳቸውን ሥራ ጎህ ሲቀድ መጥተው ይሰፋሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ። በቀን አንድ ጊዜ ግን እግራቸውን ያወጡና ሰዓታቸውን እያዩ «አሁን ያንተ ነው» ይሉኛል። ረግጬ ሩብ ሰዓት ሲሞላ «በቃ!» ነው። አንዲት መስመር ልጨርስ ብዬ ብለምን ወይ ፍንክች። ለካ ሚስቴ ሐኪሙ ያለውን አንድ ሳታስቀር ነግራቸዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ዘነበች የመጨረሻውን ልብስ መርቀውን ወሰዱ። የመረቁት ግን በርጩማውንም ጭምር ይመስለኛል፤ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። ብቻችንን ስንቀር ጠየቅኳቸው።

«አባ ነጂብ፣ እኔ ብቀር ደንበኛው ሁሉ የእርስዎ ነበር። ለምን ረዱኝ?»

«ታዲያ ወላሂ ከማን ጋር ልጣላ?» አሉኝ።

ልስቅ አልኩና አቃተኝ። በዓይናቸው የሳቅኩት ሳቅ ሁሉ ትዝ አለኝ። ዕንባዬን እንዳያዩብኝ ጎንበስ ብዬ መሬት ላይ የሌለ መርፌ ፈለግኩ። እሳቸው እንኳን ዕንባዬን መርፌም አያዩም፤ ግን አወቁብኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ፈቀዱልኝ፤ ከዚያም አንድ ሰዓት። ኅዳር ሲገባ ፔዳሌን ሙሉ ለሙሉ አስረከቡኝ። ዛሬ ጠዋት ጠዋት የራሴን መኪና ከመክፈቴ በፊት የእሳቸውን ክር እከታለሁ። ደንበኛ ሲመጣ መሰዳደባችን ያው ነው፤ ስለ ዓይናቸው ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ስለ ዝንቧ አልተዉኝም።

ብርድ ሲሆን ቁርጭምጭሚቴን ይቆረጥመኛል። ለማንም አልናገርም፤ ረገጣዬን ትንሽ ዝግ አደርጋለሁ። ወዲያው ከጎኔ በርጩማ ሲጎተት እሰማለሁ።