የእትዬ አስካለ ተራ

ልጅ ሳለሁ የሐዋርያትን ታሪክ የሰማሁት ከቄስ ሳይሆን ከልብስ ሰፊ ነው። አባባ ደስታ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ እኛ ግቢ በር ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይሰፉ ነበር። አመሻሽ ላይ የከሰል ካውያቸውን ከፍተው ፍሙን ሲያራግቡ እኛ የግቢው ልጆች ተንጋግተን እንገባለን። ጢሱ ዓይናችንን ያቃጥላል፤ የረጠበ ሱፍ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል፤ መብራት የጠፋ እንደሆነ ደግሞ፣ ያኔም ቢሆን መብራት መጥፋቱ ብርቅ አልነበረም፣ ኩራዟን የስፌት መኪናቸው ላይ ያስቀምጧታል።

አባባ ደስታ ሲተርኩ ይቆጡ ነበር። ሌላው ሰው ስለ ቅዱሳን ሲያወራ ድምፁን ያለሰልሳል፤ እሳቸው ግን ነገሩ ትናንት ፒያሳ ላይ የተፈጸመ፣ ገዳዮቹም ገና ያልተያዙ ይመስል ጠረጴዛውን እየደበደቡ ነበር የሚነግሩን። ከሁሉ የሚያስቆጣቸው የእስጢፋኖስ ታሪክ ነው። «የቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጠብ በምን ነበር?» ይሉናል። ደጋግመን ስለሰማነው «በእንጀራ!» ብለን እንጮሃለን። ምእመናኑ ያኔ ያላቸውን ሁሉ በአንድ አድርገው አብረው ይበሉ ነበር። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች ግን በየዕለቱ ማዕድ ሲታደል ይዘለሉ ነበርና ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያትም ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ አንዱ እስጢፋኖስ ነበር።

ከዚያ ወደ መወገሩ ይገባሉ። ወጋሪዎቹ እጃቸው እንዲፈታ ልብሳቸውን አውልቀው ሳውል በሚባል ጎልማሳ እግር ሥር አኖሩት። እዚህ ላይ ሲደርሱ አባባ ደስታ ካውያውን ያስቀምጡና የደንበኛ ኮት ከመስቀያው አውርደው ክንዳቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። «አያችሁት ይሄን ሰውዬ? አንዲት ጠጠር አላነሣም! ልብስ ነው የጠበቀው፣ በቃ! ቢጠይቁት እኮ እኔ ምን አደረግኩ ይላል!» ያ ሳውል ኋላ ጳውሎስ ተብሎ ወንጌልን ይዞ አገር ላገር እንደዞረ፣ የማንም ሸክም ላለመሆን ድንኳን እየሰፋ እንዳደረ ሲነግሩን ግን ቁጣቸው ይበርዳል። «የእኛ ሙያ ሰው ነው» ይሉ ነበር፣ ኮቱን ወደ መስቀያው እየመለሱ።

የግቢያችንና የአካባቢው ሰዎች የእስጢፋኖስ ማኅበር ነበራቸው። ወር በገባ በአሥራ ሰባት ተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ የሸክላው ጽዋ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በዝማሬና በእልልታ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ጽዋ የገባበት ቤት በረከት ገባበት ይባላል። በዚያ ዓመት ጽዋው እትዬ አስካለ ቤት ገባ። እትዬ አስካለ ባላቸውን ተከትለው ከጉራጌ አገር የመጡ፣ ባላቸው ሲሞቱ በልብስ አጠባ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ክፍላቸው ከአንድ አልጋ በኋላ ለሰው ቦታ የላትም። ቢሆንም ጽዋውን ከተቀበሉ ጀምሮ ጌሾ ሲወቅጡ፣ ግድግዳውን በአዲስ ጋዜጣ ሲለጥፉ፣ ከየጎረቤቱ በርጩማ ሲዋሱ ሰነበቱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ሰሞን ነው።

በዓሉ ሲቃረብ ጽዋው ተወሰደባቸው። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው ጋሽ መንገሻ ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው፣ «አስካለ፣ ለአንቺ ብለን ነው» አሉ። «ሐዘንተኛ ነሽ፣ ቤቱም አይበቃ። እንዳትቸገሪ ተራሽን አሳልፈንልሻል።» ቧንቧው ጋ ቆመን ውሃ እየቀዳን ነበር። እናቴ ሰማች፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰሙ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እትዬ አስካለም «ጠላው እኮ ደርሷል» ብቻ አሉ። ጽዋውን ከእጃቸው ተቀብለው የወሰዱት የሚቀጥለው ተረኛ ናቸው፤ አባባ ደስታ።

ማታ እንደ ልማዳችን ገባን። ጽዋው መደርደሪያው ላይ፣ ከክሮቹ አጠገብ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አባባ ደስታ በዓሉ ደርሷልና እስጢፋኖስን ጀመሩ። «የመጀመሪያው ጠብ በምን ነበር?» ሲሉ ሌሎቹ ልጆች «በእንጀራ!» አሉ። እኔ ግን፣ «አባባ፣ ያ ጽዋ የእትዬ አስካለ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

ካውያውን እንደያዙ ቀሩ። «የትልቅ ሰው ነገር ነው፣ ዝም በይ።»

«እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?»

«ማኅበሩ እንዳይበተን ነዋ፣ ልጄ! እኔ ምን አደረግኩ? ተቀበል አሉኝ፣ ተቀበልኩ።»

«ኮት ጠባቂውም እንደዚያ ነው የሚለው ብለውናል» አልኩና ተነሥቼ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። በጋሽ መንገሻ አልነበረም የተናደድኩት፤ ከጋሽ መንገሻ ምን ይጠበቃል! ታሪኩን እያወቁ፣ ለእኛ እያስተማሩ፣ ተራው የእሳቸው ሲሆን እጃቸውን በዘረጉት ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ እሳቸው ቤት አልገባሁም።

በበዓሉ ቀን ማኅበርተኛው አባባ ደስታ ቤት ሞላ። እትዬ አስካለ አልመጡም። ጽዋው የሚተላለፍበት ሰዓት ደርሶ ጋሽ መንገሻ የተረኛውን ስም ሲጠሩ፣ አባባ ደስታ ጽዋውን አነሡ፤ ለተጠራው ሰው ግን አልሰጡም። አቅፈውት ወደ በሩ ሄዱ።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሽ መንገሻ።

«የሰው ልብስ ስጠብቅ ሰነበትኩ» አሉ አባባ ደስታ። «ይበቃኛል።»

ግቢውን ተሻግረው የእትዬ አስካለን በር አንኳኩ። እናቴ ያን ጊዜ ገና እልልታዋን አቀለጠችው። እትዬ አስካለ ወጥተው ጽዋውን ተቀበሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ በሩን ዘጉት።

በወሩ ሁላችንም እዚያ ነበርን። ክፍሏ ያልበቃችው ደጅ፣ በርጩማና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ መንገሻም መጡ፤ ሙሴ ናቸውና እንዴት ይቀራሉ! ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ባረኩ። እትዬ አስካለ ከጋሽ መንገሻ ጀምረው በየዋንጫው ቀዱ። ጋሽ መንገሻ ገና ሲቀምሱ ፊታቸው ተጨማደደ።

«አስካለ! ይሄ እኮ ኮምጥጧል!»

«አዎ፣ ጋሼ። የተራዬ ጠላ ነው። ያኔ ደርሷል ብዬዎት ነበር።»

የተባረከ ጠላ አይደፋ ነገር። አባባ ደስታ ዋንጫቸውን አንሥተው እስከ አተላው ጨለጡና «ድገሚኝ» አሉ። ከዚያ ሁሉም እያንገሸገሸው ጠጣ፤ ጋሽ መንገሻም ጠጡ። እኔም ከእናቴ ዋንጫ ተጎነጨሁ። እትዬ አስካለ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው፣ የማንም ዋንጫ እንዳይጎድል እየዞሩ ይሞሉ ነበር።

ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ ሰዉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ስለ እስጢፋኖስ ሲሰበክ ምእመኑ ለድንጋዩ ያለቅሳል፤ እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሰው ክንድ ነው፤ ማን ኮት ይዞ ቆሟል እያልኩ፣ የራሴንም ክንድ እያየሁ። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ አብርድልኝ ብዬም አልጸልይም። ባለፈው እሑድ በሰንበቴያችን ስብሰባ አንድ ጨዋ ሰው ተነሥቶ አንዲት አቅመ ደካማ እናት ከተረኞቹ እንዲወጡ ሐሳብ አቀረበ። «ለእሳቸው ብለን ነው» ሲል ጥርሴ ጠረሰ፤ ሳይፈቀድልኝ ተነሣሁ።