እሜቴ ጽዱ ያስቆፈረችው ቦይ

የማዘጋጃ ቤቱ የአረንጓዴ ቦታዎች ኃላፊ ነበረች፤ ግን በማዕረጓ የሚጠራት ሰው አልነበረም። መሥሪያ ቤቱም ሰፈሩም «እሜቴ ጽዱ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው። ሰውዬው አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ደጅ ታስወልቀውና ካልሲውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ሳፋው ስትሮጥ፣ እሱ በር ላይ ተገትሮ «እሜቴ ጽዱ፣ አሁንስ መግባት ይፈቀዳል?» ይላት ነበር። ቀልዱ ከቤት አምልጦ ቢሮ ድረስ ተከተላት። አልከፋትም፤ እንዲያውም በሆዷ ደስ ይላት ነበር።

ከተማው ዳር ያለው ረግረግ በእሷ ሥር ነበር። አስተዳደሩ «ጥብቅ ቦታ» ብሎ ከልሎታል፤ ማንም እንዳይሠራበት፣ ማንም ቆሻሻ እንዳይደፋበት የምትጠብቀው እሷ ናት። መጠበቁንስ ጠበቀችው። ፍርስራሽ ጭኖ የመጣ የጭነት መኪና ፊት እጇን ዘርግታ ቆማ ሾፌሩን ወደመጣበት መልሳለች። አጥር እየገፉ ወደ ውስጥ የሚገቡትን አጥራቸውን በገዛ እጃቸው አስነቅላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ረግረጉን አትወደውም ነበር። ይሸታል። ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ቄጠማው እንዳሻው ይበቅላል፣ እንቁራሪቱ እንዳሻው ይንጫጫል፤ መስመር የለው፣ ወግ የለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደሚያሳፍር ልጅ ነበር የምታየው።

እንግዳም መጣ። ከሌሎች ከተሞች የተውጣጡ ኃላፊዎች ጥብቅ ቦታውን ሊጎበኙ ነው ተባለና ማዘጋጃ ቤቱ ሽር ጉድ አለ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «እህቴ፣ አደራ እንዳታሳፍሪን» አላት። ይቺ ቃል በቃቻት። ከመንገድ ሥራ ክፍል እስካቫተር ለምና አስመጣችና ከረግረጉ የታችኛው ጠርዝ እስከ ወንዙ ድረስ ቦይ አስቆፈረች። ተኝቶ የኖረው ውሃ እየተንፎለፎለ ወረደ። ቄጠማው ታጨደ፣ መሬቱ ተደለደለ፣ አግዳሚ ወንበሮች ተተከሉ። እንግዶቹ የተወለወለ ጫማቸውን አድርገው ያለ ሥጋት ተንሸራሸሩበት። አንዱማ «ይሄ ረግረግ ነው? ሳሎን ነው እንጂ!» አለ። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። ያን ዕለት እግሯ መሬት አልነካም።

ከዚያ በጋው ገባ።

ከረግረጉ በታች ያለው ሰፈር የሚጠጣውም የሚያጥበውም ከየግቢው ጉድጓድ በሚቀዳ ውሃ ነው። ያሳደገቻት አክስቷ እዚያው ሰፈር ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች። አንድ ቅዳሜ ልትጠይቃት ስትሄድ አክስቷ ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ትሰዳለች። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ በመጨረሻ ባልዲው ድንጋይ ሲመታ ተሰማ።

«ምነው ልጄ፣ ዘንድሮ ምድር ምን ነካት?» አለች አክስቷ። ችግኞቿ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ጎረቤት ያለችው ልብስ አጣቢም በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «የኔም ጭቃ ብቻ ሆኗል። የሰው አንሶላ ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ» አለች።

እሜቴ ጽዱ ሰበብ ፈጥራ ወጣችና በቀጥታ ወደ ረግረጉ ሄደች። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ወፍ የለ፣ እንቁራሪት የለ፤ ቦዩ ብቻ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ረግረግ ውሃ አቁሮ ቀስ እያለ ጉድጓዶችን እንደሚያጠጣ ለተማሪዎች ስታስረዳ የኖረችው ራሷ ናት። ስታወራው ኖረች እንጂ ለካ አንድም ቀን አልሰማችውም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ሰው እንዳያያት የፈለገች ይመስል፣ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ጉርሻውን አቁሞ አያትና፣ «ማን ያውቃል? ሰው ዝናብ ጠፋ ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ድምፅ ሳታሰሚ ቦዩን ድፈኚው» አላት።

ለመድፈን ግን ማሽን መጠየቅ አለ፤ ማሽን ለመጠየቅ ደግሞ ምክንያት መናገር አለ። ይሄን አልደፈረችውም። በምትኩ ደጅ ጠንታ የውሃ ቦቴ ወደ ሰፈሩ አስላከች። ይሄ ደግሞ ባሰ። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ደርድረው «ዕድሜ ይስጥሽ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?» ይሏታል። አክስቷ ደረቷን ነፍታ «የኔ ልጅ እኮ ናት!» ትላለች። ልብስ አጣቢዋማ እጇን ለቀም አድርጋ ሳመቻት። ያን ቀን እቤቷ ገብታ እጇን ስትታጠብ፣ ስትታጠብ፣ ባሏ መጥቶ ቧንቧውን ዘጋባት።

ሰፈርተኛው ይህም አልበቃውም። አዳራሽ ተሰብስቦ ሊያመሰግናት ተነሣ። ሥራ አስኪያጁም መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። አንድ ሁለት ቃል ተናገሪ ሲሏት ቆመች። ልትናገረው ቆርጣ ነበር የመጣችው፤ አፏን ስትከፍት ግን የወጣው የቢሮ አማርኛ ሆነ።

«እንደሚታወቀው፣ በውሃ አያያዝ ረገድ አንዳንድ ክፍተቶች ተፈጥረዋል...»

«ማን ፈጠራቸው?» አለች ልብስ አጣቢዋ ከኋላ፣ የምትረዳት መስሏት። «ስሙን ጥሪልንና አብረን ሄደን አንገቱን እንያዘው!»

አዳራሹ ሳቀ።

«በቦታው ላይ የተከናወነው የማፋሰስ ሥራ...»

«ማነው ያከናወነው?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና በዓይኑ ቁጭ በይ አላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቦዩን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። እንግዳ ፊት እንዳላፍር ብዬ ውሃውን ወንዝ ውስጥ ደፋሁት። ጉድጓዳችሁን ያደረቅሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አክስቷ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። ልብስ አጣቢዋ ትጮህ ይሆናል ብሎ ሁሉም ዞረ፤ እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እጅሽን እኮ ስሜ ነበር» ብቻ አለች። እሜቴ ጽዱን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ምን ነበረበት!

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ አስጠርቶ «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ለእኔ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» እያለ ተንጨረጨረባት። ከኃላፊነት ወርዳ እዚያው ክፍል ተራ ሠራተኛ ሆነች። ቦዩ ይደፈን ተባለ፤ እስካቫተሩ ግን ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ አካፋ ይዛ ብቻዋን ጀመረች። ባሏ በዕረፍት ቀኑ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባላት። ከሰፈሩም ጥቂት ሰዎች መጡ፤ ለውሃው እንጂ ለእሷ እንዳልመጡ ግን ያስታውቁ ነበር፣ አፈር የተሞላውን ጆንያ የሚቀባበሉት በላይዋ አሳልፈው ነው። አክስቷም መጣች። ረጅም ሰዓት አፈር ስትሞላ ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣

«ከሰው መሃል ተቀምጬ ነው የምሰማው?» አለቻት።

«አፍሬ ነው፣ እትዬ።»

«እኔስ?» አለችና ጆንያውን አስጠግታላት ሄደች።

ዝናቡ ሲመጣ በጆንያ የደፈኑት ቦይ ውሃውን ያዘ። ውሃው ተኛ፣ ቄጠማው ብቅ ብቅ አለ። የአክስቷ ጉድጓድ መጀመሪያ ድፍርስ፣ ኋላም ጥሩ ውሃ ሰጠ፤ አክስቷም እያደር ልቧ ለስለስ አለላት። ልብስ አጣቢዋ ግን ውሃው እስኪመለስ አልጠበቀችም። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሲያልቁባት ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዳለች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተገናኙ። ሴትዮዋ የአንሶላ እሽግ ተሸክማለች፤ አሁን የምታጥበው በሰው ቤት እየዞረች ነው።

«ላግዝሽ፣ እህቴ» አለች እሜቴ ጽዱ፣ እጇን እየዘረጋች።

«አይ፣ አይቸገሩ» አለች ልብስ አጣቢዋ፣ በጨዋ አንደበት። «እርስዎ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

አንቺ ነበር የሚባባሉት። «ደህና ነኝ» አለች እሜቴ ጽዱ። አውቶቡሱ መጣ። ልብስ አጣቢዋ እሽጓን አስቀድማ ወጣች፤ እሷ ግን የምትሄደው በዚያው አውቶቡስ ቢሆንም እዚያው ቆማ ቀረች።