ጠርሙሱ ላይ ያለው የእርሳስ መስመር

ይሄን ብርጭቆ ከፊቴ አንሣልኝ፣ እባክህ። አይ፣ አልተቀየምኩም፤ ሽታው ነው። የሙሽራው ወገኖች ጠረጴዛውን ሁሉ በጠርሙስ ሞልተውት እኔ ለስላሳዬን ይዤ በሰላም ተቀምጬ ነበር። አንተ መጥተህ ከጎኔ ከተቀመጥክ ወዲህ ግን የተቆላ ገብስና የጭስ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ይባስ ብለህ ደግሞ "እትዬ፣ ለመሆኑ ሲንግል ሞልትና ብሌንድድ ዊስኪ ልዩነታቸው ምንድን ነው?" ትለኛለህ፤ ጓደኞችህ ይስቃሉ። በጴንጤ ሴትዮ ማላገጥህ ነበር አይደል? አውቄብሃለሁ። ግን ስማኝ፣ እዚህ ዲላ ውስጥ ይሄን ጥያቄ የሚመልስልህ ሰው ከተፈለገ፣ ከነዚህ ከሚጨልጡት ሁሉ እኔ እሻላለሁ። አንዲት ጠብታ አፌ ገብታ አታውቅም።

ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱም ጠጥቶ አያውቅም። ይሄን ስናገር ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱም ይርጋጨፌ ሄደህ ብትጠይቅ ዛሬም "እሱ በመጠጥ የታገደው ሰውዬ?" የሚሉህ አይጠፉም። ሆዳቸውን ይቁረጠውና!

አባቴ ኢዲዶ የምትባል የይርጋጨፌ ቀበሌ ውስጥ የአንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ቤታችን ይርጋጨፌ ስለሆነ በቡና ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን ይዤለት በእግሬ እሄድ ነበር። ጣቢያው ሲቃረብ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታው ነው፤ የእሸት ቡና ልጣጭ ተከምሮ ሲብላላ የሚሸተው፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ሽታ። ቀጥሎ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ የተሰጣው ቡና ፀሐይ አርፎበት ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። አባቴ ጆሮው ላይ የአናጢ እርሳስ ሰክቶ በአልጋዎቹ መሃል ይመላለሳል። የቱ ቡና የየትኛው ቀን እንደሆነ በዚያች እርሳስ ሳይጽፍ አያድርም። አፍንጫውማ ጉድ ነው። እፍኝ ቡና ዘግኖ ያሸትና "ይሄን ትናንት ዝናብ ነክቶታል፤ ማነው ያልሸፈነው?" ይላል፤ ያልሸፈነውም ሰው አንገቱን ይደፋል።

ባለጣቢያው ዲላ መጋዘን ያለው ትልቅ ነጋዴ ነበር። የኛው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበር፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ ያለበሰ እየተባለ ስሙ ከመድረክ አይጠፋም። አንድ ዓመት ላይ ከውጭ አገር ገዢ መጣና ከሱ ጋር ተስማማ፤ የኢዲዶ ቡና ከማንም ጋር ሳይደባለቅ፣ በኢዲዶ ስም ብቻውን ሊላክለት። አባቴ ይሄን ሲሰማ እንደ ልጅ ፈነደቀ። ገበሬዎቹን ሰብስቦ "ቀይ ቀዩን ብቻ ልቀሙልኝ፤ እኔ ደግሞ ቡናችሁ ብቻውን እንዲሄድ አደርጋለሁ። ካልሆነ ውሸታም በሉኝ" አላቸው። አመኑት። አንዲት አረንጓዴ ፍሬ ሳትገባበት እየለቀሙ አመጡ።

ገዢው ሊሄድ ሲል ከቦርሳው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠ። አባቴ ደነገጠ፤ "አልጠጣም በልልኝ" አለው አስተርጓሚውን። ሰውዬው ሳቀና "አሽትተው ብቻ" አለ። እኔ ምሳውን ይዤ ቆሜ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ትልቁ ሲንግል ሞልት ነው አለ፤ አንድ መጥመቂያ ቤት ብቻ የሠራው፣ ከገብስ ብቅል በቀር ሌላ እህል ያልገባበት። ትንሹ ብሌንድድ ነው፤ የብዙ ቤቶች የብቅል ዊስኪ ተሰብስቦ፣ ከስንዴና ከበቆሎ ከተሠራ ለስለስ ያለ ዊስኪ ጋር የተዋሃደ። አባቴ በጥያቄ አፋጠጠው። ሲንግል ማለት ከአንድ በርሜል ነው? አይደለም፤ ቤቱ የራሱን በርሜሎች ሊያደባልቅ ይችላል፣ የሌላ ቤት ግን አያስገባም። "እንደኛ ነዋ!" አለ አባቴ። "የስንቱ ገበሬ ቡና አንድ ገንዳ ይገባል፤ ግን ሁሉም ኢዲዶ ነው።" እሺ፣ የተደባለቀው መጥፎ ነው ማለት ነው? ኧረ በጭራሽ፤ አብዛኛው ሰው የሚጠጣው እሱን ነው። ዘንድሮም ከርሞም ጣዕሙ እንዳይለወጥ አድርጎ ማዋሃድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አባቴ ትንሽ አሰበና "መደባለቁን ጠርሙሱ ላይ ይጽፉታል?" አለ። ይጽፉታል። "ከጻፉትማ አልዋሹም" አለ፤ ያ ነገር በጣም ደስ አለው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው ጥፋቱን የሠራው፣ ጥፋት ከተባለ። ገበሬዎቹን ዛፍ ጥላ ስር አስቀምጦ ከሁለቱም ጠርሙስ በክዳን እየለካ በሻይ ብርጭቆ አዞረላቸው። "እንዳትቀምሱ! ማሽተት ብቻ! ያልተደባለቀ ነገር የመጣበት አገር እንዴት እንደሚታወቅ እዩ።" እኔም ተሰልፌ አሸተትኩ። ብሌንድዱ እንደ ከረሜላ ለስላሳ ነበር። ትልቁ ግን፣ አንተ! የተቆላ ገብስ፣ የእርጥብ እንጨት ጭስ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ማር። አንዲት ባልቴት ገበሬ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ስር ይዛ "ይሄ የኛ የደጋ ገብስ ነው! ማነው የሰረቀብን?" ብላ በሳቅ ገደለችን። ሲያበቃ አባቴ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ አንድ በአንድ መሬት ላይ ደፋቸው። ማንም አልቀመሰም። ትንሹ ጠርሙስ እዚያው አለቀ፤ ትልቁን ለከርሞ ማስተማሪያ ብሎ ቤት አምጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ከዚያ አንድ ቀን ዲላ መጋዘን ደርሶ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ማዕድ ቀረበና ሳይበላ ተነሳ። "ደባለቁት" አለ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቡና ከኢዲዶው ላይ ገልብጠው፣ ጆንያው ላይ ኢዲዶ ብለው ጽፈዋል። ሁሉም ከኢዲዶ ነው የሚል ወረቀት ላይ ፈርም ሲሉት እንቢ አለ። ባለጣቢያው "ምን ቸገረህ? ፈልቶ ከተጠጣ በኋላ ማን ያውቀዋል?" ሲለው፣ አባቴ "እንግዲያው ተደባልቋል ብለህ ጻፍበት፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ" አለው። በማግስቱ ኢዲዶ ወጥቶ ለገበሬዎቹ እንደወረደ ነገራቸው። እንደ ቃሉ ውሸታም በሉኝ አላቸው፤ ማንም ግን አላለውም።

እሑድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አንዱ ራሱ ባለጣቢያው ነው። ዓይን አውጣ! እናቴ ያቀረበችለትን ሻይ እየጠጣ "ወንድማችን ጣቢያ ላይ መጠጥ ሲያድል ታይቷል" አለ። አባቴ አልደበቀም። የዋህ! ጠርሙሱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ስለ ገብሱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ መደባለቁ ማስረዳት ጀመረ። ጠርሙሱ ሦስት ጣት ያህል ጎድሏል። ባለጣቢያው በጣቱ ለካና "ይሄን ሁሉ መሬት ነው የጠጣው?" ብሎ ሳቀ። ያኔ አባቴ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ዊስኪው በደረሰበት ልክ፣ የጠርሙሱ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረ። "ከዚህ ከጎደለ ሰካራም በሉኝ" አለ።

"ምስክር አለህ?" አሉት። ገበሬዎቹን አልጠራም፤ እሸታቸውን የሚረከባቸው ባለጣቢያው ስለሆነ እንደማይደፍሩ ያውቃል። "ልጄ ነበረች፤ ጠይቋት" አለ። እንዴት እርግጠኛ ሆኖ እንደተናገረ ብታየው!

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። መዘምራን ውስጥ ነኝ፤ በሳምንቱ ዲላ ላይ ጉባኤ ነበረና መዝሙሩን የምመራው እኔ ነበርኩ። መጠጥ አሸተትኩ ካልኩ ይቺም እንደ አባቷ ናት ብለው ያስወጡኛል። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ እንዳትናገሪ ብላ በዓይኗ ትለምነኛለች።

"እኔ አልነበርኩም" አልኩ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ምነው በተቆጣኝ! ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ "ልክ ናት፤ አልነበረችም። እኔ ነኝ የተምታታብኝ" አለ። አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከጌታ እራት ታገደ። በጉባኤ ፊት ቆሞ ጠጥቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ ካለ በአንድ እሑድ ያልቅ ነበር። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። "ያልጠጣሁትን?" ይላል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም። ከሥራውም ተባረረ፤ የሰው ማሳ ሲያርም ከረመ። እሑድ እሑድ ግን አይቀርም። በሩ አጠገብ ያለችው፣ ዝናብ ሲዘንብ የምትረጥበዋ የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። እኔ ከፊት ቆሜ እዘምራለሁ። ዲላም ሄጄ ዘመርኩ፤ ተጨበጨበልኝ። አሁን ሳስበው ያን ጉሮሮዬን ምነው በዘጋው እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት አደረ እኮ! ምን ጠራ?

በአሥራ አንደኛው ዓመት አባቴ ታመመ። ሽማግሌዎቹ እሱን ሳይታረቅ ማሰናበት ከበዳቸው መሰለኝ፣ ባለጣቢያውን ትተው ሁለቱ መጡ። "ተሳስቻለሁ በልና እንጸልይልህ" አሉት። አባቴ ጠርሙሱን አምጪ አለኝ። ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። ዊስኪው ከእርሳሱ መስመር አንድ ጣት ዝቅ ብሏል። እና ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ጠጥቶ ነበር እንዴ ብዬ አሰብኩ። እኔ! በዓይኔ ያየሁት! ክዳኑን ስነካው ቡሹ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ለካ በዚያ በኩል ቀስ በቀስ ተንኖ ነው። ማን ያምነኛል?

ሽማግሌዎቹ መስመሩን አዩ፣ ተያዩ። አባቴም አየው። "እኔ ነበርኩ" አልኩ ያኔ። "ጣቢያው ላይ ነበርኩ፤ ሁሉንም መሬት ላይ ሲደፋው አይቻለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።" አንደኛው ሽማግሌ በሐዘኔታ አየኝና "ልጄ፣ አባትሽ ራሱ አልነበረችም ብሎናል እኮ" አለኝ። ለኔ ብሎ የዋሸውን፣ እሱን ብቻ አምነውታል! እርር ድብን አልኩ፤ ጮህኩባቸው፣ ከቤታችን ውጡ አልኳቸው።

አባቴ እጄን ያዘኝ። "ተያቸው" አለ። ድምፁ ደክሟል። "እስቲ ንገሪኝ፤ ትልቁ እንዴት ነበር የሸተተሽ?"

"የተቆላ ገብስ" አልኩት እያለቀስኩ። "የእርጥብ እንጨት ጭስ። መጨረሻ ላይ ማር።"

"ማሩንም አግኝተሽው ነበር?" አለ። ፊቱ ሁሉ በራ። "ማሩን ያገኘሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።" ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሂዱ" አላቸው። በሳምንቱ ሞተ፤ እንደታገደ።

ባለጣቢያው ዛሬም ፊት ወንበር ላይ ነው። እኔ መዘምራኑን ትቼ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አስተናባሪዎቹ "ወደ ፊት ቦታ አለ" ይሉኛል፤ የአባቴ ቦታ ነው እላቸዋለሁ፤ አይገባቸውም።

ምነው ተነሣህ? ጓደኞችህም ሳቃቸውን ተዉ። አንሣው ያልኩህን ብርጭቆ ወዴት ልትወስደው ነው? ቆይ። አስቀምጠው እስቲ፤ ትንሽ ላሽትተው።