የቡሬዋ ቶርኖ

ቋሪት ላይ ወናፌን እየነፋሁ ሳለ ነው ባንዶች የያዙኝ። እጄ ላይ የሰው ጠመንጃ ነበር፤ ባለቤቱ ሽማግሌም አጠገቤ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ጥገናውን ይጠብቃሉ። ምን ብዬ ልካድ! ሽማግሌው ቀደሙኝና «መሣሪያው የኔ ነው፤ ይኸ ሰው የታዘዘውን ነው የሠራ» አሉ። አንዱ ባንዳ በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ሁለታችንንም በአንድ ገመድ አስረው ቡሬ፣ የጥሊያን ምሽግ አወረዱን።

እስር ቤቱ የእህል ማከማቻ የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ሽንቱና ደሙ አንድ ላይ ይገማል። ገና ጀርባዬን ሳላስደግፍ ጎትተው አወጡኝ። ቀጥቃጭ መሆኔን ባንዳው ነግሯቸዋል።

ጓሮ አንዲት ትንሽ ቶርኖ ቆማለች፤ ብረት እያሽከረከረች የምትልግ፣ በሞተር የምትዞር መኪና። ስትዞር እንደ እብድ ናት፤ ስለቷ ወፍራሙን የካሚዮን ዘንግ ሲነካ ግን ቀጥ ትላለች። የጥሊያኑ መኮንን በአስተርጓሚ ተናገረኝ።

«ቀስ ብላ ትዙር፣ ጉልበትም ይኑራት። እስክታስተካክላት ያ ሽማግሌ ይገረፋል።»

ሽማግሌውን ከግንድ ጋር አሰሯቸው። የጉማሬ አለንጋው ገና ሲያርፍ ጀርባቸው ተተለተለ።

ሥራውስ አይጠፋኝም። ትንሽ መዘውር ብዙ ዞሮ ትልቁን አንዴ ካዞረው፣ ፍጥነቱ ይሄድና ጉልበቱ ይመጣል። ከተሰበረ ወፍጮ ትልቅ መዘውር ፈትቼ በሞተሩና በቶርኖዋ መካከል ተከልሁ። መዘውሮቹን የሚያዞረው ቀበቶ አጠረኝ። ያን ቀን ከታረደ በሬ ቆዳ ጠፍር ቆርጬ ቀጠልሁ። እርጥብ ጠፍር ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ነው ተኮማትሮ ጨምድዶ የሚይዝ። ማን ጊዜ ይስጠኝ!

«እስኪደርቅ እንኳ ግርፋቱን አስቁምልኝ፤ በእመብርሃን» አልሁት አስተርጓሚውን።

«ዝም ብለህ ሥራ፤ እኔንም ታስገርፈኛለህ።»

ጠፍሩን ከፍም በላይ ዘርግቼ ያዝሁት። ቢቀርብ ያርራል፣ ቢርቅ አይደርቅም። መዳፌ ተላጠ። ሽማግሌው መጀመሪያ «እመቤቴ» ይሉ ነበር፤ ኋላ ድምፃቸው ጠፋ፣ የአለንጋው ብቻ ቀረ። አለቀስሁ፤ አላፍርም።

በመጨረሻ ቶርኖዋ እያቃሰተች ቀስ ብላ ዞረች፤ ዘንጉንም ላገችው። መኮንኑ እጁን አነሳ፣ ግርፋቱ ቆመ።

ሽማግሌውን ተሸክሜ ገባሁ። እስረኞቹ ቁራሽ እንጀራ አስቀርተውላቸው ነበር። ላጎርሳቸው እጄን ብዘረጋ አንዱ ጎልማሳ ቀጥቃጭነቴን ሰምቶ ኖሮ ቁራሹን በጋቢው ሸፈነ። በኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ከምግብና ከቁስለኛ ላይ ካረፈ ይገድላል ይላሉ።

«ወዲያ ዙር! ልትጨርሳቸው ነው?» አለኝ።

ይኸኔ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለሱ ስጠው። ከሱ እጅ ነው የምበላ።»

«ይተዉ አባቴ፣ ሌላ ሰው ያጉርስዎ» አልኋቸው።

«አንተ ነህ የምታጎርሰኝ፤ ሁሉም እያየ።»

አጎረስኋቸው። እያመማቸው ዋጡና ደግመው አፋቸውን ከፈቱ።

ሳይነጋ አረፉ። ጎልማሳው «አላልሁም?» አለ። ዓይናቸውን የከደንሁ እኔ ነኝ፤ የከለከለኝም የለ።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ጥሊያንም ሄዷል። ዛሬም ድግስ ቤት ስገባ መሶብ የሚከድንብኝ አይጠፋም። ድሮ አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር። አሁን ቁጭ እላለሁ።