ከሁለቱም ጫፍ የሚነበብ ቁጥር

የያዙኝ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ነው። ጣቢያ ስንደርስ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ማሰሪያና ሰዓቴን ተቀበሉኝ። ኪሴ ውስጥ የቀረችውን ጠመኔ ግን ፈታሹ አገላብጦ አይቶ መለሰልኝ። ምርጫው ካለፈ ሰንበት ብሎ ነበር፤ ያኔ ሐዋሳ ውስጥ አንድ መምህር የሚጠረጠርበት ነገር ብዙ ስለነበር የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ፍራሹ ሁሉ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ስለተቀባ ሰሌዳ ይመስላል። በቤቱ ደንብ አዲስ ገቢ ከምሳ በኋላ ከሚያውቀው አንድ ነገር ለሌሎቹ ያቀርባል። ከእኔ በፊት የገባው የቱላ ገበሬ በሲዳምኛ መዝሙር ዘምሮላቸዋል። የእኔ ድምፅ ለማንም አይመከርም። ስለዚህ ጠመኔዬን አውጥቼ 11 በ11 ሲባዛ 121፣ 111 በ111 ሲባዛ 12321 እያልኩ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። አንዶቹን ዘጠኝ ካደረስኩ በኋላ ሌላውን አጥፍቼ የመጨረሻውን መልስ ብቻ በትልቁ አስቀረሁት፦

12345678987654321

መናኸሪያ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ ሰው አብረውን ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ መጀመሪያ ከግራ፣ ቀጥሎ ከቀኝ አነበቡት።

«ከየትም ብትገባበት ያው ነው» አሉ። ከፍራሻቸው በላይ ስለነበር እንዳላጠፋው ለመኑኝ።

በማግስቱ ለቆጠራ የገባ ፖሊስ አየው። የማን ፍራሽ እንደሆነ ብቻ ጠየቀና ጋሼን ይዟቸው ወጣ። ቆይቶ ዘቡ ነገረን፤ ምስጢራዊ መልእክት ነው ተብሏል፣ ካላስረዱ ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ። ጋሼ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። መድኃኒታቸውን በየቀኑ የሚያመጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ አዲስ አበባ ማን ያመጣላቸዋል? ፈራሁ፣ ለእሳቸውም ለራሴም። በሩን አንኳኳሁና ጽሑፉ የእኔ ነው አልኩ።

መርማሪው ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ወጣት ነው። ጋሼ ጥግ ላይ ቆመዋል። መርማሪው ቁጥሩ የማን ስልክ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስልክ አይደለም፣ ብዜት ነው ብዬ አስረዳሁት። ካልኩሌተሩን ሳበና ራሱ ሞከረው። ማሽኑ ዘጠኙን አንዶች ሁለት ጊዜ በትዕግሥት ተቀበለ፤ ከዚያ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አሳይቶ ቆመ።

«ቁጥር ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ያውቀው ነበር» አለ።

ማሽኑ ቦታ ጠቦት ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ወረቀት ጠየቅኩት። አንዶቹን በዘጠኝ ረድፍ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ከበላዩ ካለው አንድ ቤት ወደ ግራ እየገፋሁ ጻፍኩና ድምሩን ለእሱ ተውኩለት። ከቀኝ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወጣ። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ስምንት፣ ሰባት እያለ መውረድ ጀመረ። የመጨረሻዋን አንድ ከጻፈ በኋላ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ሂዱ፣ አጥፉት» አለን።

ዘቡ እርጥብ ጨርቅ ሰጥቶን በሩ ላይ ቆመ። ጨርቁን ለሁለት ቀደድኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከዚያኛው ጫፍ ይጀምሩ» አልኳቸው።

ወዲያው ገባቸው። እሳቸው አንድ ሲያጠፉ እኔም አንድ አጠፋለሁ። እየጠበበ ሄደ እንጂ የቀረው ሁልጊዜ ከሁለቱም ጫፍ ያው ነበር። መካከል ላይ ዘጠኟ ብቻ ስትቀር ሁለታችንም እጃችንን ሰበሰብን።

«እሷስ?» አለ ዘቡ።

«ዘጠኝ ናት» አሉ ጋሼ፤ «እሷ ምን ታደርጋለች?»

ዘቡ ጥቂት አሰበና በሩን ዘጋው።

ከተፈታሁ ዓመታት ቢያልፉም ለምን እንደታሰርኩ እስካሁን አልተነገረኝም። ጋሼ ከሞቱም ቆይተዋል። እኔ እዚያው ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር እኖራለሁ፣ ዛሬም ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። በየዓመቱ ያንን ብዜት ሰሌዳ ላይ እሠራለሁ። ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲወጡ በሁለት እጄ ከሁለቱም ጫፍ አጠፋዋለሁ። ዘጠኟን ግን እተዋታለሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው መምህር ያጥፋት።