ክቡ መሠረት

አስጎብኚው ምሥጋናው ላሊበላ ካለው ቤቱ ጓሮ የእንግዳ ክፍል ሊሠራ ተነሣ። ቦታው ላይ አባቱ ከመሞታቸው በፊት የጣሉት ክብ የድንጋይ መሠረት አለ። ልጁ ማኅሌት በላፕቶፗ የንድፍ ፕሮግራም ታማርጥለታለች። የመጀመሪያው እጅግ ያምራል፤ ግን ከአራት ማዕዘን ሌላ አያውቅም።

«አባዬ፣ መሠረቱ መፍረሱ ነው እንግዲህ።»

«ፕሮግራምሽ ይፍረስ!»

እየሳቀች ሌላ ከፈተች። ይኼኛው መልኩም አያምር፣ ቀርፋፋም ነው። ክብ ለመሣል ግን መጀመሪያ መሐሉን፣ ቀጥሎ ከመሐል እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ጠየቃት። ምሥጋናው ጥያቄውን ሲያይ አባቱ መሐል ላይ ካስማ ተክለው፣ ገመድ ወጥረው እየዞሩ መሬቱን ሲያሰምሩ ታዩት።

«በቃ፣ ይኼ ይሁን» ብሎ ሜትሩን ይዞ ወጣ። የመሠረቱን ወርድ በየአቅጣጫው ቢለካው ያው አምስት ሜትር ሆነ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«ለኔ ነው ለፕሮግራሙ?»

«ለአባቴ ነው። ለናንተም ይተርፋል።»