በጥፍር የሚዳሰስ መስመር

በዘጠናዎቹ ኦስሎ፣ ግሮሩድ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበርኩ። አንድ ጡረታ የወጡ ኖርዌጂያዊ ሽማግሌ በወጣትነታቸው የገዟትን ባለትልቅ ሞተር የአሜሪካ መኪና አመጡልኝ። ከኮፈኗ እስከ ኋላዋ የሚሄዱት ሁለት ነጭ መስመሮች ልክ ከፋብሪካ እንደወጡ ሆነው እንዲመለሱላቸው ፈለጉ።

መስመሮቹን ቀብቼ፣ በላያቸው ቬርኒሽ ነፍቼ እንደ መስታወት አለሰለስኳቸው። ሽማግሌው ጥፍራቸውን በጠርዙ ላይ አሳለፉና፣ "ይቺ የኔ መኪና አይደለችም። ሳጥባት የመስመሩ ጠርዝ ጥፍሬን ይይዘኝ ነበር" አሉ።

ደሜ ፈላ። ያማረ ሥራዬን አበላሽ መባሌ እኮ ነው! እያጉረመረምኩ ሁሉንም ፍቄ እንደገና ቀባሁ። የመስመሩን ዳር የከለልኩበትን የወረቀት ፕላስተር ቀለሙ ሳይደርቅ ስልጠው ጠርዙ ከፍ ብሎ ቀረ፤ ቬርኒሽ አልነፋሁበትም። ሽማግሌው ዳሰሱት፣ ዐይናቸው እንባ አቀረረ፣ ቀለሙ እስኪጠነክር መኪናዋን ትተው ሄዱ።

መኪናዋን ሳይወስዱ ሞቱ።

ልጃቸው ጋራዡ ሲመጣ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እጄን ታጥቤ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ልለው ተጠጋሁ። እሱ መኪናዋን እንጂ እኔን አላየም።

"ልሸጣት ነው፤ ገዢው መስመር አይወድም" አለ። "ሙሉ በሙሉ ጥቁር አድርጋት።"

በማሽን መፋቁን እጄ እምቢ አለኝ። ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ቀኑን ሙሉ መስመሮቹን በእጄ ፋቅኋቸው። ስጨርስ በቦታቸው ላይ ጥፍሬን አሳለፍኩ። ምንም አልያዘኝም።